በማስተር ነጋሽ ዓይን ፊት መውደቅ

በፊልም ተደብዳቢነት ለሠራ ሰው ጡረታ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት የለም። አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋህ ልትነሳ ስትል ጉልበትህ እምቢ ይላል፤ ያን ቀን ወጣህ ማለት ነው። እኔም እንደዚያ ሆኜ ወጣሁ። ዘንድሮ ድብድብ ማስተማሩንም ለወጣቶቹ ትቼ፣ ቦሌ ሚካኤል ቤቴ በር ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ነው። አላፊ አግዳሚው ግን አልተወኝም። በቀደም አንድ የታክሲ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ፣ "ሌባው! አልሞትክም እንዴ?" ብሎ ጮኸብኝ።

"ስንቴ ሞቼ ነው፣ የቱን ነው የምትለኝ?" አልኩት።

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስስቅ ቆየሁና ቤት ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈምና አካሄዴ ቢያዘግም አንባቢ ይታገሠኝ። ለነገሩ ከድሮም ችኩል አይደለሁም።

ማስተር ነጋሽን ያወቅኋቸው ገና ጢሜ ሳያቀመቅም፣ የቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ ካራቴ ሲያስተምሩ ነው። ምንጣፍ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። እኛ ደግሞ ቪዲዮ ቤት ገብተን ያየነውን የአየር ላይ ርግጫ ለመማር ነበር የሄድነው። እሳቸው ግን ክረምቱን ሙሉ መውደቅ ብቻ አስተማሩን። አገጭ ወደ ደረት፤ ትንፋሽ ወደ ውጭ፤ ክንድ ተዘርግቶ መሬቱን በጥፊ። "ማስተር፣ መምታቱስ መቼ ነው?" ስንላቸው፣ "ምን አስቸኮለህ ልጄ፣ መሬቱን እየመታኸው አይደለም እንዴ?" ይሉናል። ሁሉንም ሰው ልጄ ነበር የሚሉት። በዕድሜ የሚበልጧቸውን ሳይቀር።

ኋላ ኑሮ መጣ። አገባሁ፤ ለሳኝ ሆንኩ። ቦሌ መንገድ ግራና ቀኙ በሕንፃ በሚሞላበት ዘመን ስለነበር ሥራ ሞልቶ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ የባህር ዛፍ መወጣጫ ላይ ቆሜ ግድግዳ ስለስን እውል ነበር። ካራቴውም ተረሳ።

ፊልሙም የመጣው በዚያው ዘመን ነው። ካሜራው አንሶ በአንድ ሰው ትከሻ የሚያዝ ሆነ። ሱቅ የነበረው ሸጦ፣ መኪና የነበረው አስይዞ ፊልም ያሠራ ጀመር። የሲኒማ ቤቱ ሰልፍ ዞሮ ዞሮ የታክሲውን ፌርማታ ይዘጋል። ግድግዳ ለስኜ ሳይደርቅ ፖስተር ተለጥፎበት አገኛለሁ። ያ ፖስተር ኋላ እንጀራዬ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም፤ ስንት ቀን ተራግሜ ልጬዋለሁ።

አንድ ቀን ወሎ ሰፈር እየለሰንኩ ከታች "ታደለ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ብል ማስተር ነጋሽ ናቸው። ፀጉራቸው ሸብቷል፤ አቋማቸው ግን ያው ነው።

"መውደቅ ረስተሃል?" አሉኝ ከታች ሆነው።

"ማስተር፣ እዚህ እኮ የሚከፈለኝ እንዳልወድቅ ነው!"

"እንግዲያው ውረድ። በመውደቅ የሚከፈልበት ቤት አግኝቼልሃለሁ።"

ወረድኩ። ክፍያው ፊልሙ ሲኒማ ሲገባ ነው ይባል ነበር፤ አንዳንዱ ገባ፣ አንዳንዱ አልገባም። ስለሱ ይህን ካልኩ ይበቃል።

የመጀመሪያ ሥራዬ ሌባ ሆኖ መደብደብ ነበር። ኋላም ከዚህ ብዙ አልራቅሁም። ቦታው ወሎ ሰፈር ከጋራዦቹ ጀርባ ያለው ቅያስ ነው። መሪ ተዋናዩ ጎረምሳ፣ ቆንጆ፣ ሽቶው ከሩቅ የሚሸት ልጅ ነበር። አንዴ በቡጢ ሲለኝ ግድግዳ ተደግፌ ተንሸራተትኩ። ሁለተኛውን ሊደግም ሲል አንዲት እናት ከታክሲ ዘለው ወርደው በጃንጥላ ጀርባውን አቀመሱት።

"አንተ ዋልጌ! አባትህ የሚሆን ሰው ትደበድባለህ?"

"እማማ፣ ፊልም ነው!"

"ፊልምህን እዚያው እቤትህ!"

ይህን ጊዜ የጋራዡ ልጆች መፍቻቸውን እንደያዙ ወጡ። አንዱ እኔን ደግፎ አነሳኝ፤ ሌላው ውኃ አቀረበልኝ። "ኧረ ተዉት፣ ሌባው እኔ ነኝ" ብላቸው፣ ውኃ ያቀረበልኝ ልጅ ተቆጣ። "ሌባ ብትሆንስ? ሕግ የለም እንዴ? በሕግ አምላክ አይባልም?" አለኝ። ያ ቆንጆ ልጅ ኪዮስክ ውስጥ ገብቶ ተደበቀ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማስተር አዲስ የሥራ መደብ ፈጠሩ። ገላጋይ ያዥ እንለው ነበር። ድብድብ ስንቀርፅ አንድ ሰው ሥራው ሊገላግል የሚመጣውን እቅፍ አድርጎ መመለስ ብቻ ነው። የፊልም ትምህርት ውጭ ሄደው የተማሩ ልጆች መጀመሪያ ሲሰሙት ሳቁ፤ ኋላ ግን ያለ ገላጋይ ያዥ ካሜራ የሚያነሳ ጠፋ። እዚህ አገር ሰው እየተመታ ዝም ብሎ የሚያልፍ የለማ።

ስለ ሙያው ትንሽ ልበል። ቡጢው አይነካም። ከአፍንጫህ ፊት የመዳፍ ስፋት ያህል ርቆ ነው የሚያልፈው፤ ካሜራው በተመቺው ትከሻ በኩል ከሆነ ያ ክፍተት አይታይም። ምቱን እውነት የሚያስመስለው መቺው ሳይሆን ተመቺው ነው። አንገቴ ካልዞረ፣ እግሬ ካልከዳኝ የጀግናው ቡጢ ዝንብ ማባረር ነው። ሲኒማ ውስጥ አጥንት ሲሰበር የምትሰሙት ደግሞ በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚሰበር ካሮት ነው። ደሙ ስኳር ተፈልቶ የምግብ ቀለም የገባበት ሽሮፕ ስለሆነ ሞቼ በተጋደምኩ ቁጥር ዝንብ ይወረኝ ነበር። ሬሳ ሆኖ ዝንብ አለማባረር ከመውደቅ ይከብዳል፤ ያልሞከረው አያውቀውም።

ማስተር ደግሞ የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። ከሁሉም ቀድመው ይደርሱና የድብድቡን ቦታ በራሳቸው መጥረጊያ ይጠርጋሉ። ቀጥለው ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ይዞሩበታል፤ ምስማርም ጠጠርም ካለ እግራቸው ያገኘዋል። የጉልበትና የክርን መከላከያችንን ከአሮጌ መኪና ወንበር ስፖንጅ ቆርጠው በእጃቸው ይሰፉልን ነበር። ከሁሉ በፊት ግን መቺና ተመቺ ፊት ለፊት ቆመው አንዱ "አፉ በለኝ" ይላል፣ ሌላው "አፉ ብያለሁ" ይላል። ይህ ሳይባል እጅ አይነሳም። አንዳንዱ ታዋቂ ተዋናይ ያፍር ነበር። ማስተር ግን እጃቸውን ኋላ አጣምረው፣ "ልጄ፣ እንጠብቅሃለን" ይሉታል። ሳይል ተጀምሮ አያውቅም።

ባለቤቴ አስካለ ሥራዬን አልወደደችውም። እኔ ያለሁበትን ፊልም የምታየው ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ነው። ጠዋት ስወጣ፣ "ዛሬ ደግሞ ትሞታለህ ወይስ ትታሰራለህ?" ብላ ትጠይቀኛለች። እታሰራለሁ ካልኳት ደስ ይላታል። የሰፈር ልጆች "ሌባው መጣ" እያሉ ሲከተሉኝ ግን እሷው ናት ጫማ አውልቃ የምታባርራቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ከፍታ ላይ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ እኔ ነበርኩ። ከወጣቶቹ የተሻልኩ ሆኜ አይደለም፤ ለሳኝ ስለነበርኩ ከፍታ አይደንቀኝም። የምናርፈው ባዶ ካርቶን ላይ ነው። ከቦሌ ሱቆች የቴሌቪዥንና የፍሪጅ ካርቶን እንሰበስባለን፤ አየሩ እንዲወጣ ማዕዘን ማዕዘኑን እንቀደዋለን፤ ደራርበን እናስረውና ከላዩ ፍራሽ፣ ከፍራሹ ላይ ሸራ። ማስተር እያንዳንዱን ካርቶን ያሸቱታል። እርጥበት ካለው ሽታው ይለያል።

አወዳደቁ እንዲህ ነው። ወዳቂ ወደ ታች መሬቱን አያይም። መሬት ያየ ሰው ይደርቃል፤ የደረቀ ሰው ይሰበራል። እና ምን ያያል? ማስተርን ያያል። እሳቸው ከካርቶኑ ራስጌ መሐል ለመሐል ይቆማሉ፤ ወዳቂው ዓይኑን ፊታቸው ላይ ይተክላል። እጃቸውን አንስተው ሲያወርዱ ይሄዳል። ሰውነት ዓይን ወዳየበት ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ማስተርን አይቶ የዘለለ መሐል ላይ ያርፋል። ለዓመታት እንዲህ ስንሠራ ማንም ጭረት አልደረሰበትም። እየቆየ ልማድ ሆነና ካርቶኑን ማየት ከናካቴው ተውን። ማስተር ባሉበት ካርቶን አለ፤ በቃ።

ዕለቱ ፀሐያማ ነበር። ቦታው ሰሚት፣ ገና ያላለቀ ሕንፃ ላይ ነው። ፊልሙን የምትሠራው ሔለን የምትባል ወጣት ነበረች። ካየኋቸው አለቆች ውስጥ ስም ጠርታ "ምሳ በላችሁ?" የምትል እሷ ብቻ ናት። ካሜራውን የያዘው ቢኒ ነው፤ ጎበዝ ልጅ። እኔ ሁለተኛ ፎቅ ጫፍ ላይ ወጥቼ ቆሜያለሁ። ሥራው ሲንዛዛ ፀሐይዋ ወደ ማዘንበሉ ሄዳ ነበር።

"ማስተር፣ ጥላዎት ገባብኝ" አለ ቢኒ።

ማስተርም ጥላቸውን ከካሜራው ለማውጣት ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ። ይኸው ነው። ቢኒ ሥራውን ነው የተናገረው፤ እሳቸውም ሥራ እንዳይበላሽ ነው የታዘዙት፤ እኔም የተማርኩትን ነው ያደረግሁት። ዓይኔን ፊታቸው ላይ ተከልኩ፤ እጃቸው ወረደ፤ ሄድኩ። አየር ላይ ሳለሁ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። እሳቸው ከእኔ ቀድመው አወቁ። ከወገቤ በላይ ሸራው ላይ አረፈ፤ ግራ እግሬ ሲሚንቶው ላይ። ድምፁ የካሮት አልነበረም።

ሐኪም ቤት ረጅም ጊዜ ተኛሁ። የጭኔ አጥንት ነበር። ማስተር በየቀኑ ይመጣሉ፤ ወንበር ሲቀርብላቸው እምቢ ብለው ከእግርጌዬ ይቆማሉ። ስለ አየሩ ይጠይቁኛል፤ ስለ ምግቡ ይጠይቁኛል። አንድ ቀን አስካለ ሁለታችንንም አየችና፣ "እናንተ ሰዎች፣ አፉ በለኝ ስትባባሉ አልነበረም እንዴ የምትውሉት? ዛሬ ምን ዘጋችሁ?" አለች። ማስተር ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። ተመልሰው አልመጡም።

ኋላ እንደሰማሁት ያን ዕለት ልጆቹን ሰብስበው፣ "ከእንግዲህ በኔ ዓይን ፊት የሚወድቅ ሰው የለም" ብለው ተሰናበቷቸው። ወሎ ሰፈር ቤታቸው ገብተው በራቸውን ዘጉ።

እኔ በምርኩዝ፣ ኋላም ያለ ምርኩዝ መሄድ ጀመርኩ። ትንሽ አነክሳለሁ። በዚህ መሐል ፊልሙ አልቆመም፤ እንዲያውም ባሰበት። ልጆቹ ያለ ማስተር ይሠራሉ። የሚጠርግ የለም፤ ካርቶን የሚያሸት የለም፤ አፉ በለኝ የሚልም ቀረ። አንዱ ጥርሱ ረገፈ፤ ሌላው ትከሻው ወለቀ። ሰው ሳይሞት ማስተር መመለስ እንዳለባቸው ለሁላችንም ግልጽ ነበር። ሔለን ሄዳ ለመነቻቸው፤ ሻይ አጠጥተው ሸኟት። ቢኒ ሄደ፤ "ጥፋቱ የኔ ነው" ብሎ አለቀሰ፤ አባብለው ሸኙት።

እኔ አንድ ነገር አሰብኩ። እሳቸውን ቤት ያስቀመጣቸው የኔ መውደቅ ነው። በዓይናቸው ፊት ደግሜ ወድቄ በእግሬ ከተነሳሁ ግን ይመለሳሉ። ለአስካለ ስነግራት የያዘችውን ሰሃን አስቀመጠች።

"አንተ ሰውዬ፣ እግርህ ነው ወይስ ጭንቅላትህ ነው የተሰበረው?"

"ለሳቸው ብዬ ነው እኮ።"

"ለሳቸው ብለህ ነው የተሰበርከው፤ ለሳቸው ብለህ ልትሞት ነው። ለእኔ ብለህ ምን ታደርጋለህ?"

ሰሃኗን አንስቼ አቀበልኳት። ሆኖም ሄድኩ።

ማስተር በሩን ሲከፍቱ መጀመሪያ ያዩት እግሬን ነው።

"ሔለን አዲስ ፊልም ጀምራለች" አልኳቸው። "መጨረሻው ላይ ሌባው ከፎቅ ይወድቃል። የምወድቀው እኔ ነኝ።"

"ማን ፈቀደልህ?"

"እርስዎ ቢመጡም ባይመጡም እወድቃለሁ። ባይመጡ ግን ወዴት እንደማይ አላውቅም።"

ባርኔጣቸውን ከምስማር አወረዱ። "አስፈራርተህ ነው የምትወስደኝ" አሉ። "እሺ። ካርቶኑን የምደረድረው እኔ ነኝ።"

ዝላዩ በጠዋት ሆነ፤ ፀሐይዋን ፈርተን ነው። ቦታው ከቤቴ ብዙ የማይርቅ፣ ደረጃው መደገፊያ ያልተሠራለት ጅምር ሕንፃ ነበር። ማስተር ለብቻቸው ደረደሩ፤ ማንም እንዲያግዛቸው አልፈቀዱም። ድሮ ከምናደርገው እጥፍ ካርቶን አደረጉ። ሔለን ጥፍሯን እየበላች ነው። ቢኒ ካሜራውን በጣም ርቆ ስለተከለ፣ "ልጄ፣ ከዚያ ሆነህ እኛን ነው ወይስ ደብረ ዘይትን ነው የምትቀርፀው?" ብለው ቀለዱበት። ሁሉም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

ወጥቼ ጫፉ ላይ ቆምኩ። ዓይኔን ፊታቸው ላይ ተከልኩ።

እሳቸው ግን እኔን አላዩኝም፤ የሚያዩት ግራ እግሬን ነው። እጃቸውን አነሱ። ያ በቀበሌ አዳራሽ እንጨት ሲሰብር ያየሁት እጅ አየር ላይ ቀረ። አልወረደም። እኔም መድረቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ ግራ እግሬ፣ ቀጥሎ ወገቤ፣ ቀጥሎ አንገቴ። መዝለል ግን እችል ነበር። የማይችል ሰው ሥቃይ የለበትም፤ ይቆማል በቃ። እኔ ልዘልና ልሰበር እችል ነበር። ከታች የቆመውን ሁሉ አየሁ። ማስተርን ወደ ሥራ ልመልስ መጥቼ፣ እዚያ ቆሜ የያዝኩት ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚያሠቃያቸው ነገር መሆኑ ያኔ ነው የታየኝ።

ዞርኩ። በደረጃው መውረድ ጀመርኩ።

እንዴት ያለ ረጅም ደረጃ ነው! በአንድ እጄ ሻካራውን ግድግዳ እየዳበስኩ፣ እያነከስኩ፣ አዋረድኳቸው እያልኩ ወረድኩ። ሔለን ፊልሟ ተበላሸ፤ ልጆቹ ይስቁብኛል፤ ማስተር ተመልሰው በራቸውን ይዘጋሉ። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ስደርስ ማስተር ከታች ደረጃውን በሩጫ ሲወጡ ተገናኘን። ባርኔጣቸው የለም። ሁለት ትከሻዬን ይዘው እንደ ጠፋ ልጅ አገላብጠው አዩኝ።

"ወረድክ" አሉኝ።

"ይቅርታ ማስተር፣ አልቻልኩም።"

"ወረድክ እኮ!" ትከሻዬን ነቀነቁት። "ስንቱን አስተማርኳችሁ! ይህን አላስተማርኳችሁም። ቆሞ፣ አይቶ፣ ዛሬ አይሆንም ብሎ በደረጃ መውረድ። ማንም አስተምሮኝ አያውቅማ፣ ከየት ላምጣው?"

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ሳቅ ያዘን። ሔለን ሮጣ ስትደርስ ሁለት ሽማግሌ እንባቸው እየወረደ ሲስቁ አገኘችን።

"ጋሽ ታደለ፣ ተጎዱ እንዴ?"

"ልጄ" አሏት ማስተር፣ "ሌባሽ እጁን ሰጥቶ በደረጃ ይውረድልሽ።"

"ማስተር፣ ድርሰቱ ላይ እኮ ይሞታል።"

"ድርሰቱን ማን ጻፈው?"

"እኔ።"

"እንግዲያው ማንን ነው የምንለምነው?"

በዚያው ጠዋት ቀረፅነው። እጄን ወደ ላይ አንስቼ፣ እያነከስኩ ወረድኩ። ሲኒማ ቤት ሲታይ አስካለ ነጠላዋን ከዓይኗ አውርዳ አየችው። ከዚያ በኋላ ከፍታ ላይ ወጥቼ አልወደቅኩም፤ እያረጀሁ እስክተወው ድረስ መሬት ላይ ያለውን ድብድብ እያስተማርኩ ቆየሁ።

በሳምንቱ ሰሚት ሌላ ዝላይ ነበር። ወዳቂው ከወጣቶቹ አንዱ ነው። ልጆቹ ማስተር ይመጣሉ ሲባል ሰምተው ካርቶኑን አሳምረው ደርድረው፣ ሸራውን ወጥረው ተሰልፈው ጠበቁን። ማስተር በካርቶኑ አጠገብ ቆም ሳይሉ አለፉ።

"ደረጃው በየት በኩል ነው?" አሉ።

አሳዩዋቸው። ወዳቂውን ልጅ ክንዱን ይዘው፣ "መጀመሪያ በደረጃ መውረዱን ነው የምንማረው" እያሉት፣ አብረውት መውጣት ጀመሩ።